ባለ አራት አልጋዋ የመርከብ ክፍል

ደርግ አገር ቤትን በያዘባቸው ዓመታት ከባለቤቴና ከሁለት ሴቶች ልጆቼ ጋር ናይሮቢ፣ ሳውዝ ሲ ውስጥ እኖር ነበር። የምሠራው በአንድ የጥናት ተቋም ሲሆን፣ ሥራዬም ስለ ጥንት የባሕር ንግድ የተጻፈውን ማንበብና በላዩ ሌላ መጻፍ ነበር። የጻፍኩትን ማን ያነበው እንደነበር እስከ ዛሬ አላረጋገጥኩም። የሰፈሩ ሰው «መምህር» ይለኛል። ከዚያ ያለፈ ስም አልሰጠሁትም፤ እርሱም አልጠየቀኝም። አለመጠየቁን የጥንቃቄዬ ፍሬ አድርጌ ስለምቆጥረው በልቤ እኮራበት ነበር።

ጥንቃቄዬ እንዲህ ነበር። አባቴ በአውራጃው የታወቀ ሰው ነበረና ስሙን የሰማ ሁሉ የማን ልጅ እንደሆንኩ ወዲያው ይረዳል፤ በዚያን ጊዜ ደግሞ የእርሱ ልጅ ሆኖ መታወቅ የሚጠቅም ነገር አልነበረም። ስለዚህ ኬንያ ስገባ በስደተኛነት ወረቀቴ ላይ ከራሴ ስም ቀጥሎ የቅድመ አያቴን ስም አስመዘገብኩ። ውሸት አይደለም፤ አባቴንና አያቴን መዝለል ብቻ ነው። ልጆቼንም አንድ ትምህርት አስተማርኳቸው፦ የማያውቁት ሰው ስለ አባታቸው ከጠየቃቸው «አላውቅም» ብለው ዝም እንዲሉ። ምግብ ቤት ስንገባ ጀርባዬን ለግድግዳ ሰጥቼ በሩን ትይዩ እቀመጣለሁ። ባለቤቴ እንደምትለው ከሆነ፣ በከተማው ውስጥ በር ላይ እንዲህ የሚያፈጥ ሌላ ሰው ስላልነበረ አስተናጋጆቹ ሁሉ ለይተው ያውቁኝ ነበር።

ትልቋ ልጃችን ትምህርቷን ጨርሳ ውጭ አገር የነፃ ትምህርት ዕድል አገኘች። በመስከረም ልትሄድ ሆነ። ከመሄዷ በፊት ሞምባሳ ወርደን አንድ ሳምንት ልናርፍ ተስማማን፤ የባቡሩ ነገር አልቋል፤ የምናርፍበትም ቤት ተገኝቷል። በዚህ መካከል ባለቤቴ መሐል ከተማ ከአንድ የጉዞ ወኪል መስኮት ላይ የመርከብ ሥዕል አይታ መጣች። ከሞምባሳ ተነሥታ ላሙ ደሴት ደርሳ የምትመለስ ትንሽ የመንገደኛ መርከብ ናት።

«በዕረፍታችን ላይ ሦስት ሌሊት ለመርከብ እንጨምር» አለች።

«መርከብ ምን ያደርግልናል? ባሕሩን ከዳር ሆነን እናየው የለም?»

«ከዳር ስንሆን አንተ መጽሐፍህን ይዘህ ጥላ ፍለጋ ትሄዳለህ። ትልቋ ከጓደኞቿ ጋር ትሄዳለች። ትንሿ ያየችውን ልጅ ሁሉ ተከትላ ትጠፋለች። መርከብ ላይ ግን ማንም ተነሥቶ የሚሄድበት የለም።»

ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች።

«ይቺ ልጅ ከወጣች በኋላ አራታችን አንድ ላይ መቼ እንደምናድር እግዚአብሔር ነው የሚያውቀው። እኔ የምፈልገው አንድ ክፍል ነው። አራት አልጋ ያለበት አንድ ክፍል። ማታ መብራት ሲጠፋ የሁላችሁንም ትንፋሽ መስማት እፈልጋለሁ። ጉዞው ከፍልሰታ ፍቺ በኋላ ይሁን፤ ሌላውን አንተ ምረጥ።»

«ሌላውን አንተ ምረጥ» የተባለው ነገር ነው ያጠፋኝ። እኔን የመሰለ ሰው ምረጥ ሲባል ያጠናል። ከየወኪሉ በራሪ ጽሑፎቹን ሰብስቤ በጠረጴዛዬ ላይ ደረደርኳቸው። በዚያን ሰሞን ከሞምባሳ የሚነሡት ሦስት ነበሩ። አንደኛዋ ሌሊቱን ሙሉ የሚጨፈርባት ናት፤ በሥዕሉ ላይ የሚታዩት መንገደኞች የለበሱት ጥቂት ስለነበረ ጽሑፉን ገልብጬ አስቀመጥኩት። ሁለተኛዋ ያለ ሞተር በሸራ ብቻ የምትሄድ የጥንት ዓይነት ጀልባ ናት። ሦስተኛዋ ባለቤቴ ያየቻት ነበረች፤ ለቤተሰብ የተሰናዳች፣ ለልጆች መጫወቻ ያላት፣ ባለ አራት አልጋ ክፍሎች ያሏት። ማንኛውም ጤነኛ ሰው እዚህ ላይ ያበቃ ነበር።

እኔ ግን የነፋሱን ነገር አነሣሁ። በነሐሴ ወር በዚያ ባሕር ላይ የሚነፍሰው ነፋስ ከደቡብ ወደ ሰሜን እንደሆነ በሙያዬ አውቃለሁ። የጥንት ነጋዴዎች በዚሁ ነፋስ ወደ ዐረብ አገርና ወደ ቀይ ባሕር ይወጡ ነበር፤ ስለዚህም ጉዳይ አንድ ረጅም ጽሑፍ አዘጋጅቼአለሁ። እንግዲህ መርከቧ በመንገድ ላይ ብትበላሽ ነፋሱ ወዴት ይወስደናል? ወደ ሰሜን። በሰሜንስ ማን አለ? መልሱን ለራሴ እንኳ በሹክሹክታ ነበር የምነግረው። የተቋሙ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ስንት ቀን ካርታ ላይ ተደፍቼ እንዳሳለፍኩ መናገር አልፈልግም። በመጨረሻ ጥያቄዬን ይዤ ወደ ወኪሏ ሄድኩ። መነጽሯን በሰንሰለት ያንጠለጠለች፣ ዕድሜዋ የገፋ ትውልደ ሕንድ ወይዘሮ ናት።

ጉዞው ውጭ አገር ልትማር ለምትሄደው ልጄ መሸኛ መሆኑን ነገርኳትና «ሞተሩ ቢቆምስ?» አልኳት።

«ሁለተኛ ሞተር አለ።»

«ሁለተኛውስ ቢቆም?»

«ሬዲዮ አለ፤ እርዳታ ይጠራሉ።»

«ሬዲዮውስ ቢበላሽ?»

መነጽሯን አወለቀች። «ጌታዬ፣ የት እንዳይደርሱ ነው የሚፈሩት?»

ዙሪያዬን አየሁና «አሰብ» አልኳት።

ተነሥታ በግድግዳው ላይ ወደተሰቀለው ካርታ ሄደች። ከሞምባሳ ጀምራ በስንዝር ለካች፤ የአፍሪካን ቀንድ ዞራ፣ ወደ ውስጥ ታጥፋ፣ በእግር ጣቷ ቆማ እየተንጠራራች እጅዋን ወደ ላይ ሰቀለች። ተመልሳ ተቀመጠችና «እዚያ እስኪደርሱ ልጅዎ ትምህርቷን ጨርሳ ትመለሳለች» አለችኝ።

ያን ቀን አልወሰንኩም፤ ጉዳዩን ላስብበት አልኳት። ሳስብበት ሌሎች ቤተሰቦች ያለ አንዳች የነፋስ ጥናት ክፍሎቹን ያዟቸው። ተመልሼ ስሄድ ባለ አራት አልጋ ክፍል የቀረው አንድ ብቻ ነበር።

ወረቀቶቻችንን ሰጠኋት። አንድ በአንድ አነበበች፤ ደግማ አነበበች።

«የቤተሰብ ክፍል የሚሰጠው ለቤተሰብ ነው» አለች። «እዚህ የማየው ግን የሦስት ቤተሰብ ስም ነው።»

አገራችን እንደዚያ ነው። ባለቤቴ በአባቷ ስም ትጠራለች፤ ልጆቼ በእኔ ስም ይጠራሉ፤ እኔ ደግሞ በወረቀቱ በቅድመ አያቴ። የአገራችንን የስም ሥርዓት ላስረዳት ጀመርኩ። ምናልባት ከመነሻው ባልጀምር ይሻል ነበር፤ ገና ወደ ዋናው ነጥብ ሳልደርስ ከኋላዬ ተራ ይጠብቁ የነበሩ ባልና ሚስት ተነሥተው ሄዱ።

«ባለቤትዎ በእርስዎ ስም አትጠራም?»

«አትጠራም። የአባቷ ልጅ ናት።»

«ልጆችዎስ በአያታቸው ስም አይጠሩም?»

«አይጠሩም። የእኔ ልጆች ናቸው፤ በእኔ ስም ይጠራሉ።»

«ገባኝ። እርስዎም እንግዲህ በአባትዎ ስም ይጠራሉ፤ ይህ የመጨረሻው ስም የአባትዎ ነው።»

እዚህ ላይ ዝም አልኩ። አዎ ብል ውሸት ነው፤ አይደለም ብል ታዲያ የአባትህ ስም ማነው ትለኛለች። እርሷ ዝምታዬን አየችው። የጋብቻ ወረቀት ጠየቀችኝ፤ አገር ቤት ቀርቷል አልኳት።

«እንዲያ ከሆነ» አለች፣ «እርስዎን ታች ከወንዶች ጋር፣ ሴቶቹን ላይ ከሴቶች ጋር መመደብ እችላለሁ። ወይም ቤተሰቡን ይዘው ይምጡና ልያቸው። ክፍሏን ግን ብዙ አላቆይልዎትም፤ ሌሎችም ጠይቀውኛል።»

በማግሥቱ አራታችንም ሄድን። ባለቤቴ ነጠላዋን ለብሳለች፤ ልጆቹ ታጥበው ታብሰዋል። ወይዘሮዋ ደስ ብሏት ለትንሿ ከረሜላ ሰጠቻት። ትንሿ ያን ጊዜ ሰባት ዓመቷ ነበር። ወይዘሮዋ ጎንበስ አለችና በእንግሊዝኛ «እስኪ ንገሪኝ፣ እኚህ ሰውዬ ማናቸው?» አለቻት።

ልጄ ቀና ብላ አየችኝ። የሰለጠነች ልጅ ናት። ከረሜላውን በጉንጯ ይዛ፣ ጥርት ባለ እንግሊዝኛ፣ «አላውቃቸውም» አለች።

ወይዘሮዋ ቀና አለች። «አባትሽ አይደሉም?»

«አባቴ ማን እንደሆነ አላውቅም።»

ትልቋን አየች። ትልቋ ጫማዋን አየች። በዕድሜዬ ካስተማርኳቸው ተማሪዎች መካከል የነገርኩትን ቃል በቃል ያጠና ሰው ያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ አየሁ።

ባለቤቴ ሰው ፊት ጮኻ አታውቅም፤ ያን ቀን በአማርኛ ጮኸች። «እሰይ! እሰይ የኔ መምህር! ይኸው ሥራህ! የገዛ ልጅህ ካደችህ! አሁን ታች ወርደህ ከማታውቃቸው ወንዶች ጋር ተኛ፤ እነሱም ማን ነህ ሲሉህ አላውቅም በላቸው!»

በማታቱ፣ በዚያ አገር ሚኒባስ፣ ስንመለስ አልተነጋገርንም። ትንሿ ብቻ ናት ጆሮዬ ሥር «ጥሩ አድርጌ መለስኩ?» ብላ የጠየቀችኝ። በጣም ጥሩ፣ አልኳት። ሌላ ምን ይባላል?

ቤት ስንደርስ ባለቤቴ በሩን ከመክፈቷ በፊት ዞር ብላ፣ «ስታገባኝ ሽማግሌ ልከህ ነው» አለች። «አሁንም ሽማግሌ ላክ።»

በምሬት እንደተናገረችው የገባኝ ቆይቶ ነው። ያን ጊዜ እንደ ምክር ወሰድኩት፤ ላክሁም። አንደኛው ኢስሊ በሚባለው ሰፈር ሱቅ ያላቸው፣ ሁላችንም «ሐጂ» የምንላቸው የአገራችን ሰው ናቸው፤ ስዋሂሊን እንደ አፍ መፍቻቸው ይናገራሉ። ሁለተኛው ጎረቤታችን፣ «አቦይ» የምንላቸው አረጋዊ ኤርትራዊ ካቶሊክ ናቸው። በፖለቲካ ከተነሣን ተጣልተን የምናድር ስለሆንን ስለ አየር ጠባይ ብቻ እንነጋገራለን፤ ናይሮቢ ደግሞ ለዚያ የምታመች ከተማ ናት። ሁለቱም አላቅማሙም። አቦይ ክራባት አሰሩ፤ ሐጂ አዲሱን ቆባቸውን ደፉ፤ እኔና ቤተሰቤም ከኋላቸው ተከተልን።

ሽማግሌ ሽማግሌ ነው፤ የጉዞ ወኪል ቢሮ ገባ ብሎ ሥርዓቱን አያጓድልም። ወይዘሮዋ ተቀመጡ ስትላቸው አንቀመጥም፣ ጉዳይ አለን አሉ። እንደገና ስትለምናቸው ተቀመጡ። ሐጂ በስዋሂሊ ስለ ጤናዋ፣ ስለ ልጆችዋ፣ በሕይወት ካሉም ስለ ወላጆችዋ ጠየቁ። ከዚያ ቤቷን መረቁላት። ወይዘሮዋ ግራ ቀኙን አየችና መነጽሯን አስተካከለች።

«ይቅርታ፣ ለማን ልትጠይቁኝ ነው የመጣችሁት?»

ሐጂ እጃቸውን አወናጨፉ። «ኧረ የለም፣ ማማ! የለም! የመጣነው ለክፍሏ ነው!»

ከዚያ መሰከሩ። እኚህ ሰው የእኚህ ሴት ባል ናቸው፤ እነዚህ ልጆች የሁለቱ ናቸው፤ ትንሿ ክርስትና ስትነሣ አብረን በልተናል፤ ልጅቱ አላውቅም ያለችው ጨዋ ስለሆነች ነው። አቦይ በየመካከሉ ባርኔጣቸውን ከጉልበታቸው እያነሡ «እውነት ነው» ይላሉ። ወይዘሮዋ በትዕግሥት ሰማቻቸው።

«ባልና ሚስት መሆናቸውን እንኳ አሁን አልጠራጠርም» አለች። «እንደዚያ የሚጮህ ሚስት ብቻ ነው። ነገር ግን መርከቡ ላይ ያለው ሰው እናንተን አያይም፤ ወረቀቱን ነው የሚያየው። ልጆቹ የእርሳቸው መሆናቸውን፣ ይህም ስም ከየት እንደመጣ ንገሩኝና ከጎኑ ጽፌ ልፈርምበት።» ጣቷን በቅድመ አያቴ ስም ላይ አሳረፈች።

ሐጂ ወለሉን አዩ። አቦይም ወለሉን አዩ። «እሱን እንኳ የሚያውቁት መምህር ናቸው» አሉ ሐጂ ቀስ ብለው።

አፌን ከፈትኩ። ይህ አሰያየም በጥንት ዘመን ከነበረው ልማድ ጋር ያለውን ግንኙነት በሰፊው ላብራራ ስል፣ ከኋላዬ ትልቋ «አባባ፣ ልናገር?» አለች። ፈቃድ አልሰጠሁም፤ ጉሮሮዬን ግን ጠረግሁ። እንደ ፈቃድ ቆጠረችው።

ወደ ጠረጴዛው ቀረበችና ትውልዷን ትቆጥር ጀመር። በአገራችን ሕፃናት እንደሚቆጥሩት በዜማ፣ ራሷን ወደ ቀኝና ወደ ግራ ሳታዘነብል፣ ቀጥ ብላ። የራሷን ስም አለች። የእኔን አለች። ከዚያ በዚያ ከተማ ውስጥ ከአፌ ወጥቶ የማያውቀውን የአባቴን ስም ጮክ ብላ ጠራች። ዓይኔ ወደ በሩ ሄደ። በበሩ የገባ ሰው የለም። እርሷ አያቴን ጠራች፤ ቅድመ አያቴን ጠራች።

«ቆይ!» አለች ወይዘሮዋ። ጣቷን ከወረቀቱ አላነሣችም ነበር። «ይኸው! ይህ ስም እዚህ አለ!» የልጆቼን ወረቀት ከጎኑ አደረገች። «ይህ አባት፣ ያ ደግሞ የአባት ቅድመ አያት። ቀጥይ የኔ ልጅ፣ ቀጥይ።»

ትልቋ እስከ ሰባተኛው ቤት ቆጠረች። ሲጨርሱ እንደሚደረገው አንዴ ተነፈሰች፤ ሐጂም «ማሻአላህ» አሉ።

ከቅድመ አያቴ ወዲያ ያሉትን እኔ ራሴ ሁለቱን ረስቻቸው ነበር። ባለቤቴን ዞሬ አየኋት።

«ማን አስተማራት?»

«እኔ ነኛ! ጸጉሯን ስሠራት። ታዲያ ከየት እንደመጣች ሳታውቅ ባሕር ማዶ ልስደዳት?»

ወይዘሮዋ ከጎኑ ጻፈች፤ ፈረመች፤ ማኅተም አደረገች። ክፍሏን ሰጠችን።

ደረጃውን ስንወርድ ሐጂን ክንዳቸውን ይዤ ወደ ጎን አደረግኋቸው። አሁን የሰሙትን ስም ከዚህ እንዳያወጡት፣ ነገሩ የደኅንነት ጉዳይ እንደሆነ፣ ምክንያቱን ሌላ ቀን እንደማስረዳቸው በሹክሹክታ ነገርኳቸው። ሐጂ እስክጨርስ በትሕትና ጠበቁኝ።

«የአባትዎን ስም ነው?»

«አዎ።»

«እሱንማ እርስዎ የመጡ ዓመት ነው ያወቅነው። እኔ በአባትዎ አገር ገበያ ነግጃለሁ፤ መልክዎ የእሳቸው መልክ ነው። በተለይ ሲስቁ ቁርጥ እሳቸውን ነዎት፤ መቼም ሲስቁ ያየሁዎት ሁለቴ ነው።»

አቦይን አየኋቸው።

«እኔም አውቃለሁ» አሉ። «ባለቤቴም ታውቃለች። ሳውዝ ሲ ማን የማያውቅ አለ?»

«ታዲያ ለምን አንድ ቀን ሳትነግሩኝ ቀራችሁ?»

አቦይ ባርኔጣቸውን ደፉ። «እንዳናውቅ ፈለጉ፤ አላወቅንም። ሰው የፈለገውን ይከለከላል እንዴ?»

ስንት ዓመት ሙሉ ምስጢሬን የጠበቅሁት እኔ መስሎኝ ነበር። ጠባቂዎቹ እነርሱ ነበሩ፤ እኔ በር አፍጥጬ ሳይ ከኋላዬ ያለውን ሁሉ የሚያውቁ፣ «መምህር፣ ዛሬ ደመና ነው» እያሉ የሚያልፉ። ሁለቱን እጅ ነስቼ አመሰገንኩ። ሐጂ ግን ዋጋቸውን ጠየቁ፤ ከላሙ ደሴት ሐልዋ የሚባለውን ጣፋጭ እንዳመጣላቸው።

ስለ ባሕሩ ጉዞ ራሱ የምለው ጥቂት ነው። ሞተሩ አልቆመም። ነፋሱን ያን ያህል ያጠናሁት እኔ የባሕር ሕመምን ሳላጠና ስለገባሁ አብዛኛውን ጊዜ ያሳለፍኩት ተኝቼ ነው። መርከብ ላይ ማንም ተነሥቶ የሚሄድበት የለም ያለችው ባለቤቴ በእኔ ረገድ ካሰበችው በላይ ተሳካላት። መብራት ሲጠፋ ከታችኛው አልጋ የሦስቱን ትንፋሽ እሰማ ነበር። የትልቋ የቱ እንደሆነ ለይቼ ያዝኩት።

ይልቁንስ የማስታውሰው የመሳፈሪያውን ሰዓት ነው። በመወጣጫው ጫፍ ነጭ የለበሰ የመርከብ ሹም ወረቀታችንን ተቀብሎ አገላበጠ፤ የወይዘሮዋን ጽሑፍ አነበበና ፈገግ አለ። ከዚያ ለጨዋታ ያህል ወደ ትንሿ ጎንበስ ብሎ፣ «አንቺስ የማን ልጅ ነሽ?» አላት።

አፏን ግጥም አድርጋ ቀና ብላ አየችኝ። የእኔ ተማሪ ናት። ከኋላችን መንገደኛው ሻንጣውን ይዞ ተሰልፏል፤ መካከላቸው ማን እንዳለ አላውቅም፤ ዞሬም አላየሁም።

«ንገሪው» አልኳት።

«ሁሉንም?»

«ሁሉንም።»

ጀመረች። ራሷን፣ እኔን፣ አባቴን፣ አያቴን እየጠራች በሚያስተጋባ ድምፅ ወደ ላይ ቆጠረች፤ ስድስተኛው ላይ ስትደርስ ስሙ ጠፋት። ሹሙ ይበቃል ሊላት እጁን አነሣ። ስድስተኛውን ከእኅቷ አፍ ሰምቼ እንደገና ይዤው ነበርና ጮክ ብዬ ነገርኳት። አልተቀበለችኝም፤ በራሷ ካልሆነ አይሆንም። እግሯን አንድ ጊዜ መታ አደረገችና ሰልፉን እንዳቆመች እንደገና ከራሷ ስም ጀመረች።